ጠባብ ዶርም በትንሽ ገንዘብ፦ ከመለካት እስከ መደርደር ደረጃ በደረጃ

አብዛኛው አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ይገዛል፤ ክፍሉን የሚለካው ከገባ በኋላ ነው። ውጤቱ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ በየኮሪደሩ ይታያል፦ አልጋ ሥር አልገባ ያለ ሣጥን፣ በር የሚገታ መደርደሪያ፣ ሳይመካከሩ የተገዙ ሁለት የውሃ ማፍያዎች። የቆሻሻ መጣያ ግን ማንም አላመጣም። እኔም ከዚህ አልዳንኩም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የገዛሁት መደርደሪያ የቁም ሣጥኑን በር በአራት ጣት ያህል ስለያዘው፣ ዓመቱን ሙሉ ልብሴን በቀዳዳው እየጎተትኩ ሳወጣ ከረምኩ።

ሥራው ሰባት ደረጃዎች አሉት። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። 1ኛውንና 2ኛውን የዘለለ ሰው ገንዘቡን 4ኛው ላይ ያባክናል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጠይቁ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተሉትን ከዶርሙ አስተዳደር አጣሩ፤ መልሱንም በማስታወሻ ያዙ።

1. ክፍሉ ውስጥ ምን አለ? አልጋ፣ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ መጋረጃ እያላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። «ክፍሉ የተሟላ ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ።
2. ምን ተከልክሏል? ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሻማ፣ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት።
3. ስንት ሰው ይኖርበታል? አልጋው ተደራራቢ ነው ወይስ ነጠላ?
4. የፍራሹ ርዝመትና ስፋት ስንት ነው?
5. ስንት ሶኬት አለ? የትኛው ግድግዳ ላይ?
6. በዕረፍት ጊዜ ዕቃ ማስቀመጥ ይፈቀዳል? የማይፈቀድ ከሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ተሸክማችሁ የማትወስዱትን ነገር ከአሁኑ አትግዙ።

አምና እዚያ የኖረ ተማሪ ብዙ ጠቃሚ ነገር ይነግራችኋል። ስለ ክልከላው ግን በእሱ ቃል አትተማመኑ፤ ደንብ ይቀየራል። የተጻፈውን የዘንድሮ ደንብ ፈልጉ።

መልስ ካላገኛችሁ፦ በ3ኛው ደረጃ የተዘረዘረውን «የመጀመሪያ ሌሊት» ዕቃ ብቻ ይዛችሁ ግቡ። የቀረውን ክፍሉን ካያችሁ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ለኩ፣ ሣሉ

ሜትር፣ እርሳስ እና ባለ ካሬ ወረቀት ያዙ። ሜትር ከሌለ የተለመደው የማተሚያ ወረቀት ይበቃል፤ አጭሩ ጎኑ 21፣ ረጅሙ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በስንዝር የምትለኩ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ስንዝር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፤ የሰው ስንዝር አንድ ዓይነት አይደለም።

የሚለካው ይህ ነው፦

1. የክፍሉ ርዝመትና ስፋት፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚይዘው ቦታ።
2. አልጋ ሥር ያለው ከፍታ። ብዙ ሰው ከወለል እስከ ፍራሹ እየለካ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለካት ያለበት ከወለል እስከ ዝቅተኛው ብረት ወይም እንጨት ነው። ጎኑ ላይ፣ መሐሉ ላይ እና እግርጌው ላይ ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ። ሣጥን ስትገዙ ከዚያ ቁጥር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፤ አለዚያ ሣጥኑ ይገባል እንጂ አይወጣም።
3. የቁም ሣጥኑ የውስጥ ስፋትና ጥልቀት። ትከሻው ሰፊ የሆነ ካፖርት ተሰቅሎ በሩ እንዲዘጋ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይፈልጋል።
4. የጠረጴዛው ስፋት፣ ከሥሩም ያለው ክፍት ቦታ።
5. ከሶኬቱ እስከ ጠረጴዛውና እስከ ትራስጌው ያለው ርቀት። ገመዱ ግድግዳውን ታኮ ስለሚሄድ በአየር ላይ ሳይሆን በግድግዳው ጥግ ዙሩ።

አሁን ክፍሉን ወረቀት ላይ ሣሉት፤ አንዱን ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። አልጋውን፣ ጠረጴዛውንና ልትገዙ ያሰባችሁትን ዕቃ በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አንቀሳቅሱ። ልጅነት የሚመስል ሥራ ነው፤ ግን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ከባድ መደርደሪያ ደረጃ ላይ እየጎተቱ ከመመለስም ያድናል።

ስታንቀሳቅሱ ሁለት ልኮችን አትንኩ። ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ከጠረጴዛ ኋላ ወንበር ገፍቶ ለመነሣት ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ላይ ምንም አይቀመጥ፤ እሳት ወይም ጭስ ቢነሣ በጨለማ የምትወጡት በዚያ ነው።

ክፍሉን አስቀድሞ ማየት ካልተቻለ፦ የማይታጠፍ ነገር አትግዙ። የጨርቅ መደርደሪያ፣ ተጣጣፊ ሣጥን፣ ከረጢት ግዙ፤ እነዚህ ለየትኛውም ክፍል ይሆናሉ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን በሦስት ፖስታ ክፈሉ

ያላችሁን ገንዘብ ደምሩና በሦስት ክፈሉት። የፖስታዎቹ መጠን እኩል መሆን የለበትም፤ ሦስተኛው ግን ከጠቅላላው ሲሶ እንዳያንስ።

አንደኛው ፖስታ፣ የመጀመሪያው ሌሊት፦ አንሶላ፣ ትራስ ከነልብሱ፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ጓጉንቸር ቁልፍ ከትርፍ መክፈቻው ጋር፣ የስልክ ቻርጀር፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ኩባያ፣ የመጸዳጃ ወረቀት። ይህ ሁሉ በአንድ ሻንጣ ይግባ፤ ሻንጣውም መጨረሻ ተጭኖ መጀመሪያ የሚወርድ ይሁን።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ የንባብ መብራት፣ የልብስ መስቀያ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የቆሸሸ ልብስ መያዣ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ።

ሦስተኛው፣ ከአንድ ወር በኋላ፦ መደርደሪያ፣ ምንጣፍ፣ መስታወት፣ ጌጥ፣ ሌላም የሚያምራችሁ ነገር ሁሉ። ይህን ፖስታ ወር እስኪሞላ አትክፈቱ። በአንድ ወር ውስጥ ክፍሉ ራሱ የጎደለውን ይነግራችኋል፤ መጀመሪያ ቀን ያሰባችሁት ዝርዝር ግማሹም ይሰረዛል።

የት ይቆጠብ፣ የት አይቆጠብ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሰውነታችሁን በሚነካው፣ ዓይናችሁ በሚያነብበትና ንብረታችሁን በሚጠብቀው ላይ ገንዘብ አውጡ። ደህና ትራስ፣ ደህና መብራት፣ ደህና ቁልፍ። የቀረው፣ ሣጥኑም ቅርጫቱም መደርደሪያውም፣ ርካሽ ይሁን። ወፍራም የጫማ ካርቶን ለመሳቢያ መከፋፈያነት ከተገዛ ፕላስቲክ አያንስም።

የጋራ ዕቃ ሲገዛ

ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሁሉም አዋጥቶ አንድ ዕቃ መግዛት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን መስታወት ለሁለት አይሰነጠቅም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ዕቃ ይግዛ፣ የገዛውም ባለቤት ይሁን። አንዱ መጥረጊያና ባልዲ፣ አንዱ መስታወት፣ አንዱ ማከፋፈያ። ዋጋቸው ካልተቀራረበ ትንሽ የገዛው የጽዳት ሳሙናውን ይጨምር። የሚያልቁ ነገሮችን ብቻ አዋጡ።

ደረጃ 4፦ ያገለገለ ዕቃ አመራረጥ

ያገለገለ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መብራት፣ መስታወት፣ የብረት መደርደሪያ ያለ ስጋት ይገዛል። ያገለገለ ፍራሽና ትራስ ግን በነጻም ቢሆን አትውሰዱ። በስፖንጅና በጨርቅ የተሸፈነ ወንበርም ቢሆን በደንብ ሳይመረመር ደጃችሁን አይለፍ።

ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ መርምሩ፦

1. ትኋን። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ስፌቱን፣ የእንጨት መገጣጠሚያውን፣ የምስማር ቀዳዳውንና የመሳቢያውን ሥር እዩ። የምትፈልጉት ቀለም የነካው የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች፣ የተጣለ ቡናማ ቅርፊት፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ነጭ እንቁላል ነው። ያደገ ትኋን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ምልክት ካያችሁ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም፤ ሂዱ።
2. ነቀዝ። እንጨቱ ላይ ክብ ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ከሥሩም አዲስ የእንጨት ዱቄት ካለ ተዉት።
3. ሻጋታ። መሳቢያውን ከፍታችሁ አሽትቱ። የቀለም ሽታ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የሻጋታ ሽታ ግን ክረምት ሲመጣ ይመለሳል።
4. ወንበር። ተቀመጡበት፣ ወደ ኋላ ተደገፉ፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዙ። የላላ ብሎን ማጥበቅ ይቻላል፤ የተሰነጠቀ እግር አይድንም።
5. መብራትና ማናቸውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር። ሰክታችሁ ካላያችሁ አትክፈሉ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱት፤ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ከሆነ አትግዙት።
6. ማቀዝቀዣ፣ የሚፈቀድ ከሆነ። ቀድሞ ተሰክቶ እንዲጠብቃችሁ አድርጉና ውስጡ መቀዝቀዙን በእጃችሁ አረጋግጡ። ስታጓጉዙት ቆሞ ይሂድ። ግድ ሆኖ ከተጋደመ፣ አቁማችሁ ለበርካታ ሰዓታት ሳትሰኩት አቆዩት፤ ዘይቱ ወደ መጭመቂያው (ኮምፕሬሰሩ) መመለስ አለበት።

ትኋኑ ክፍል ከገባ በኋላ ከተገኘ፦ በመጀመሪያ ፍራሹንም ልብሱንም ወደ ሌላ ክፍል አትውሰዱ፤ ይዛመታል። ጨርቁን ሁሉ በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩ። መታጠብ የሚችለውን በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እጠቡት፣ ማሽን ካለ በከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አድርቁት። የዚያኑ ቀን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማፈሪያ የለውም፣ ንጹሕ ክፍልም ይይዘዋል። ጋዝ ወይም ቤንዚን ፍራሽ ላይ ማርከፍከፍ እሳት ያስነሣል። ሱቅ የሚሸጠውን ርጭት በየጥጉ መንፋትም ብዙ ጊዜ ትኋኑን ወደ ጎረቤት ግድግዳ ያሸሸዋል።

ደረጃ 5፦ የመግቢያው ቀን

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሻንጣ መፍታት ስምንተኛ ላይ መሆኑን አስተውሉ።

1. ክፍሉ ባዶ ሳለ ፎቶ አንሡ። ግድግዳ፣ ወለል፣ መስኮት፣ የፍራሹ ሁለት ገጽ፣ የመሳቢያው ውስጥ። ለተሰበረው ሁሉ ቀረብ ያለ ፎቶ ይጨመር።
2. ጉድለቱን የዚያኑ ቀን በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ቅጂውን ያዙ። ያላስመዘገባችሁት ስንጥቅ ስትወጡ የእናንተ ይባላል።
3. ፍራሹንና የአልጋውን መገጣጠሚያ ለትኋን ፈትሹ፤ አሠራሩ ከላይ እንዳለው ነው።
4. ከላይ ወደ ታች አጽዱ፦ የመደርደሪያው አናት፣ መሳቢያ፣ አልጋ ሥር፣ በመጨረሻ ወለል። ወለል ቀድሞ ከተጠረገ ሁለት ጊዜ ትጠርጋላችሁ።
5. የረጠበው እስኪደርቅ መስኮት ክፈቱ። እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ አይግባ።
6. እያንዳንዱን ሶኬት በስልክ ቻርጀር ሞክሩ። የሚፈነጥቅ ወይም የሚላላ ካለ አትጠቀሙበት፤ አስመዝግቡት።
7. አልጋውን አንጥፉ፤ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ግጠሙ። ሌላው ሥራ ባያልቅ እንኳ መተኛና መቆለፊያ አላችሁ።
8. አሁን ሻንጣ ፍቱ፤ አንድ በአንድ። የአንዱ ዕቃ ቦታ ሳይዝ ሌላው አይከፈት።

ደረጃ 6፦ ቦታ ማበጀት

ሕጉ አንድ ነው፦ በየቀኑ የምትነኩት ከጉልበት በላይ፣ ከዓይን በታች ይሁን። በሳምንት አንዴ የምትፈልጉት ከዚያ በላይ ይወጣል። የወቅት ልብስና ባዶ ሻንጣ አልጋ ሥር ይሄዳል። ከባድ ነገር፣ በተለይ መጽሐፍ፣ ሁልጊዜ ታች።

አልጋ ሥር። ሣጥኖቹን በግንባራቸው ላይ የያዙትን ጻፉባቸው፤ ከአናታቸው ላይ የተጻፈ አልጋ ሥር አይነበብም። ባዶ ሻንጣ ባዶ አይቀመጥ፤ ብርድ ልብስ ይጉረስ። የአልጋ እግር ከፍ ማድረጊያ የምትጠቀሙ ከሆነ የሚሸከመውን ክብደት እዩ፤ አልጋው ጎማ ካለው፣ እንዲሁም ተደራራቢ ከሆነ በፍጹም አትሞክሩት። ጡብ ደግሞ ከፍ ማድረጊያ አይደለም፤ ይንሸራተታል።

ቁም ሣጥን። ቀጭንና አንድ ዓይነት መስቀያ ተጠቀሙ። ከአንዱ መስቀያ አንገት ላይ በአጭር ገመድ ሌላውን አንጠልጥሉ፤ አንዱ የሸሚዝ ቦታ ሁለት ይይዛል። ቲሸርትና ሱሪ እየጠቀለላችሁ መሳቢያ ውስጥ አቁሙት፤ ሁሉም ከላይ ይታያል፣ አንዱን ስታወጡ የቀረው አይፈርስም። ሹራብ አትስቀሉ፣ ይለጠጣል።

በር። በበሩ ጀርባ የሚንጠለጠል ባለ ኪስ ጨርቅ ለጫማ ብቻ መስሏችሁ እንዳታልፉት፤ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ካልሲ ሁሉ ይይዛል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። አንድ የታጠፈ ካርቶን ካላሳለፈ የብረት መንጠቆውም አያልፍም።

ግድግዳ። ምስማር ከተከለከለ ተለጣፊ መስቀያ አለ። ሰዎች «አይይዝም» የሚሉት እንዲህ ስለማይለጥፉት ነው፦

1. ቦታውን በአልኮል ጥረጉ፤ በውሃና በሳሙና ሳይሆን።
2. እስኪደርቅ ጠብቁ።
3. ለጥፋችሁ ለ30 ሰከንድ አጥብቃችሁ ተጫኑ።
4. ቢያንስ አንድ ሰዓት ምንም አትስቀሉበት። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው።
5. ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ክብደት ግማሹን ያህል ስቀሉ።

ከወደቀ፦ የድሮውን ማጣበቂያ መልሳችሁ አትጠቀሙ። ግድግዳው ሸካራ፣ አዲስ የተቀባ ወይም እርጥብ ከሆነ ምንም ብታደርጉ አይይዝም፤ የአልጋውን ራስጌ ወይም የቁም ሣጥኑን ጎን ተጠቀሙ። ስታነሱት ወደ ራሳችሁ አትሳቡ፤ ማስወገጃ ምላሱ፣ ማለትም ከታች የወጣው የማጣበቂያው ጫፍ፣ ግድግዳውን ታኮ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይጎተት፤ ቀለሙ አይላጥም።

ጠረጴዛ። ላዩ ላይ ሦስት ነገር ይቅር፦ መብራት፣ አሁን የምትሠሩበት፣ የጽሕፈት መሣሪያ። የቀኝ እጅ ጸሐፊ መብራቱን በግራ ያድርግ፣ ግራኝ በቀኝ፤ የእጁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይወድቅም።

ዕቃ ሁሉ ከውጭው ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አየር ካላለፈ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። ልብስ ክፍል ውስጥ የምታደርቁ ከሆነ መስኮቱ ገርበብ ይበል።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክ

እዚህ ላይ ስህተት በገንዘብ ብቻ አይመለስም። ማከፋፈያው ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙ የሚችለው ዋት ይወጣል፤ 220 ቮልትና 10 አምፔር ማለት 2,200 ዋት ነው። አሁን ደምሩ፦ ላፕቶፕ 65 ዋት ገደማ፣ ስልክ 20፣ የኤልኢዲ መብራት 10። አምስት ተማሪ እነዚህን በአንድ ማከፋፈያ ቢሰካ ችግር የለም። አንድ የውሃ ማፍያ ግን ብቻውን 2,000 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚያሞቅ ማናቸውም ነገር፣ የተፈቀደ ከሆነ፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ።

ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አትሰኩ። ገመድ በምንጣፍ ሥር አታሳልፉ። ቻርጀር ብርድ ልብስ ውስጥ አይደር።

መሰኪያው ከሞቀ፣ ቀለሙ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፦ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ፣ ዳግመኛ አትጠቀሙበት። ጭስ ካለ መሰኪያውን አትንኩ፤ የሚደረስበት ከሆነ ዋናውን መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርጉ፣ ሌሎቹን ቀስቅሳችሁ ውጡ። ውሃ አይደፋበት።

ወር ሲሞላ

ሦስተኛውን ፖስታ ከመክፈታችሁ በፊት ክፍሉን ዙሩ። ሁልጊዜ ወንበር ላይ የሚከመር ልብስ ካለ የጎደለው በሩ አጠገብ አንድ መስቀያ ነው። ቁልፍ በየቀኑ የሚፈለግ ከሆነ አንድ መንጠቆ። መጽሐፍ ወለል ላይ ከተደረደረ ያን ጊዜ መደርደሪያ ግዙ፤ ቦታውን ደግማችሁ ለኩ፣ የቁም ሣጥኑን በር ከፍታችሁ። በወሩ ውስጥ አንዴም ያልተነካውን ዕቃ ለይታችሁ፣ ደረሰኙ ካለ መልሱ፣ ከሌለ ሽጡ ወይም ስጡ።

ዕቃ የመጣበትን ሁለት ሦስት ጠንካራ ካርቶን ግን አትጣሉ። አጣጥፋችሁ ከፍራሹ ሥር አስገቡት፤ ስትወጡ ካርቶን ፍለጋ ከሚሯሯጠው ሁሉ ጋር አትጋፉም። የመግቢያውን ቀን ፎቶ ደግሞ ከስልኩ ሌላ ቦታም አስቀምጡ፤ ቁልፍ በምትመልሱበት ቀን ስልክ ሊጠፋ ይችላል።